ፕላሳ ቪዬሃ፦ ትክክለኛው አደባባይ የትኛው ነው? ዛፍስ ለምን አይተከልበትም?

ጥያቄ፦ «በ1976 ዓ.ም. ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ላይ ከሚማሩት ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነበርኩ። ዕረፍት ሲሆን በኮሜታ ጀልባ ተሻግረን ሐቫና እንሄድ ነበር። አሮጌው ከተማ ውስጥ ፕላሳ ቪዬሃ የሚባል አደባባይ አለ፤ መሐሉ ላይ ከፍ ያለ የኮንክሪት መናፈሻ ነበረው፣ አረንጓዴ ነገርም አይጠፋበትም። ዘንድሮ አርክቴክቸር የምትማረውን ልጄን ይዤ ስሄድ መናፈሻው የለም። ድንጋይ የተነጠፈበት ባዶ ሜዳ፣ መሐሉ ላይ የእብነ በረድ ፋውንቴን፣ ዙሪያውን ካፌ፤ ጥላ የሚባል የለም። እኔ ሶሻሊስቶቹ ለሕዝብ ሠርተውት የነበረውን አፍርሰው ለቱሪስት ሸጡት ባይ ነኝ። ልጄ ደግሞ ‹ሁሉም የተቀባባ ነው፣ አሮጌ የተባለውም አሮጌ አይደለም› ትላለች፤ የመመረቂያ ጽሑፏንም በዚሁ ላይ ልትሠራ ነው። ትክክለኛው አደባባይ የትኛው ነው? ዛፍስ ለምን አይተከልበትም?»

ምላሽ፦

መናፈሻ ብለው የሚያስታውሱት የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ነበር። የተሠራው በ1952 ነው፤ አምባገነኑ ባቲስታ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን በያዘበት ዓመት፣ የካስትሮ አብዮተኞች ሐቫና ከመግባታቸው ከስድስት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ። (ይህንንም ሆነ ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አደባባዩ ተቆፍሮ ከሥሩ ፓርኪንግ ገባበት። የፓርኪንጉ የአርማታ ክዳን ከመንገዱ ወለል ከፍ ብሎ ስለቀረ ላዩ ላይ መቀመጫና ተክል ተደርጎበት መናፈሻ ተባለ። ሶሻሊስቶቹ አልሠሩትም፤ የወረሱት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ያፈረሱት ግን እነርሱው ናቸው።

የልጅዎ አባባል ደግሞ ከግማሽ በላይ ልክ ነው፤ የምትደርስበት መደምደሚያ ላይ ነው የማልስማማው። ፕላሳ ቪዬሃ የሐቫና የመጀመሪያ አደባባይ አይደለም። የመጀመሪያው ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ወደ ወደቡ አፍ ያለው ፕላሳ ዴ አርማስ ነው። በ1555 ፈረንሳዊው የባሕር ወንበዴ ዣክ ደ ሶር ከተማዋን ዘርፎ ካቃጠለ በኋላ ስፔኖች ሬያል ፉዌርሳ የሚባለውን ምሽግ መሥራት ጀመሩ። ምሽጉ በአሮጌው አደባባይ ላይ ገባ፣ የተረፈውን ሜዳ ወታደሩ ለሰልፉ ያዘው። ነዋሪው የሚገበያይበት አጣ። ስለዚህ በ1559 ሌላ ቦታ ተከለለ፤ ስሙም ፕላሳ ኑዌቫ፣ አዲሱ አደባባይ ተባለ። አሮጌ የሚለው ስም የወጣለት ከተማዋ ሌሎች ገበያዎች ካበጀች በኋላ ነው።

ይህ አወላለድ ለጥያቄዎ መልስ ቁልፉ ነው። በስፔን አሜሪካ ያለ አደባባይ አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ጎኑ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ጎኑ የመንግሥት ቤት ይኖረዋል። ንጉሥ ፊሊጶስ 2ኛ በ1573 ያወጣው የከተማ ቆርቋሪዎች ደንብ ይህንን ሁሉ በዝርዝር ጽፎታል፦ የባሕር ዳር ከተማ ከሆነች ዋናው አደባባይ መርከብ በሚወርድበት በኩል ይሁን፤ ርዝመቱ ከወርዱ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ ነጋዴው እንዲመቸው ዙሪያውን ባለ ምሰሶ በረንዳ ይኑረው። ፕላሳ ቪዬሃ ከደንቡ 14 ዓመት ይቀድማል፤ በጎኑ ቤተ ክርስቲያንም ቤተ መንግሥትም አልተተከለም። የሰው መኖሪያና ገበያ ብቻ ነው። የአሜሪካን ብርና ወርቅ የሚጭኑት የስፔን መርከቦች ወደ አውሮፓ ከመሻገራቸው በፊት ሐቫና ላይ ይሰባሰቡ ስለነበር፣ ነፋሱና ጓዛቸው እስኪሟላ የሚበላ የሚጠጣ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ገበያ ያንን ሁሉ አፍ ሲመግብ ኖሯል። በገበያ ባልሆነ ቀን ደግሞ የበሬ ፍልሚያ፣ የሃይማኖት ሰልፍ፣ አንዳንዴም የሞት ቅጣት እዚያው ይታይ ነበር፤ ባለጸጎቹ ከሰገነታቸው ላይ ሆነው ያያሉ።

ስለ ሰገነቶቹ ከተነሣ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዙሪያውን ያሉት ትልልቅ ቤቶች የቆሙት ከስኳር፣ ከትንባሆና ከንግድ በተገኘ ገንዘብ ነው፤ ከዚያ ገንዘብ ጀርባ ደግሞ ከአፍሪካ የተጋዘ ባሪያ አለ። ባርነት በኩባ የቀረው በ1886 ነው፤ ለማነጻጸር፣ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዓመት መሆኑ ነው። የታደሰው አደባባይ ስለዚህ ጉዳይ ለጎብኚው የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። ልጅዎ ሐሰተኛ የምትል ከሆነ ከቀለሙ ይልቅ ይህንን ዝምታ ብትይዝ ክርክሯ ይጠነክራል።

ወለሉ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በ1830ዎቹ፣ በገዥው ሚጌል ታኮን ዘመን፣ ሜዳው ላይ በንግሥት ክሪስቲና ስም የተሰየመ የድንጋይ የገበያ ሕንፃ ተሠራና አደባባይነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። ገበያው በ1908 ፈረሰ። ቦታው መናፈሻ ሆነ፤ ዛፍ ያገኘው ያኔ ነው። ከዚያ በ1952 ፓርኪንጉ መጣ። ከዚያ አሁን ያለው። እንግዲህ «ትክክለኛው የትኛው ነው?» ሲሉኝ የትኛውን ወለል ልምረጥ? የ1559ኙ ሜዳ የለም፤ ፓርኪንጉ ሲቆፈር ከሥር የነበረው የአራት መቶ ዓመት አፈር፣ ስባሪ ሸክላውም የገበያው ቆሻሻውም፣ አብሮ ወጥቷል። ለአርኪዮሎጂ ሰው ትልቁ ጥፋት የደረሰው ያን ዓመት ነው፤ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ዛሬ የሚረግጡት ኮብልስቶን የእኛ ዘመን ሥራ ነው።

ታዲያ ምን ቀረ? ዳሩ ቀረ። የዚህ አደባባይ ቅርስነት በዙሪያው ባሉት ቤቶች፣ በቤቶቹ ሥር በሚያልፈው ባለ ቅስት በረንዳና በመካከላቸው በተያዘው ባዶ ቦታ ነው። በረንዳው ላይ ትንሽ ልቆይ። የላይኛው ፎቅ የባለቤቱ ነው፤ ከሥሩ ያለው መተላለፊያ ግን የሁሉም ነው። ዝናብ ቢመጣ፣ ፀሐይ ቢከር፣ እግረኛው ከአንዱ ቤት ሥር ወደ ሌላው ቤት ሥር እያለ ያልፋል። በደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ በሙራያና በሳን ኢግናሲዮ መንገዶች መገናኛ ላይ፣ በ1730ዎቹ የተሠራው የሀሩኮ መኳንንት ቤት አለ። ከበሮቹ በላይ ግማሽ ክብ ሆኖ የተሠራውን ባለ ቀለም መስታወት ቀና ብለው ቢያዩ፣ የፀሐዩን ብርሃን ሰብሮ ወለል ላይ ሰማያዊና ቀይ አድርጎ ይጥለዋል። ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሚያሳውረውን ፀሐይ ማለዘቢያ ነው። ከዚያ ዝቅ ብለው የምሰሶዎቹን እግር ይዩ። ድንጋዩ ከባሕር የወጣ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ የዛጎልና የኮራል ቅርጽ ይታይበታል፣ እንደ ስፖንጅም ውኃ ይስባል። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ ጨው ነው፤ ውኃው ተኖ ጨው ትቶ ሄዷል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ በኖራ ተለስኖ በኖራ ሲቀባ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ተለስኖ የፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ ግን ውኃው መውጫ ያጣና ከውስጥ ሆኖ ድንጋዩን ይበላዋል፤ ላዩ ለጥቂት ዓመት ያምራል፣ ከዚያ እየተላጠ ይወድቃል። ብረት ከተመታበትም እንዲሁ፤ በባሕር አየር ብረቱ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። «የተቀባባ ነው» የሚለውን ክስ በቁም ነገር ለመያዝ የሚፈልግ ሰው የቀለሙን ዓይነት እንጂ መልኩን አይጠይቅም።

አሁን ወደ ማፍረሱ። በቅርስ ሙያ የምንመራበት የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር በግልጽ የሚለው ነገር አለ፦ በአንድ ቅርስ ላይ የእያንዳንዱ ዘመን አሻራ ይከበር፤ ሁሉን ወደ አንድ ዘመን መልክ መመለስ የእድሳት ግብ አይደለም። የኋለኛውን ሥራ ማንሣት የሚፈቀደው የሚነሣው ነገር ዋጋው ዝቅተኛ፣ ከሥሩ ወይም ከጀርባው የሚገለጠው ደግሞ ትልቅ ዋጋ ያለው ሲሆን ነው። በዚህ ሚዛን ፓርኪንጉ መነሣቱ ልክ ነበር እላለሁ። ከፍ ብሎ መሐል ላይ በመቀመጡ በአንዱ በረንዳ ሥር የቆመ ሰው ማዶ ያለውን በረንዳ ማየት አይችልም ነበር፤ አራቱ ጎኖች ተለያይተው የአራት መንገድ ዳር ብቻ ሆነው ቀርተው ነበር። የእርስዎ ትዝታ እንደሚያዝን ይገባኛል። ግን እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ያለፈ ጊዜ ውድ መሆኑ አርማታውን ቅርስ አያደርገውም።

አማራጭ አልነበረም ወይ? ነበር። ፓርኪንጉን ትቶ ላዩን አሳምሮ አረንጓዴ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ርካሹ እሱ ነው፣ የበረንዳዎቹን ችግር ግን አይፈታም። የክሪስቲናን ገበያ መልሶ መሥራትም በሐሳብ ደረጃ አለ፤ ያ ግን ከማደስ አልፎ መፍጠር ነው። ሜዳውን ወደ ቀድሞ ከፍታው ማውረድ የተሻለው ምርጫ ነበር። ፋውንቴኑን ግን አልከላከልለትም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን እንዲመስል ተብሎ ከጣሊያን የካራራ እብነ በረድ አዲስ የተሠራ ነው፤ ለብዙ ዓመት ደግሞ በብረት አጥር ታጥሮ ቆይቷል። የሠፈሩ ሰው እጁን የማይነክርበት የሠፈር ውኃ ምን ሊባል ነው? ቻርተሩ እድሳት ግምት ሲጀምር ይቁም ይላል፤ እዚህ ቦታ ግምቱ ቀድሞ ሄዷል። በሰሜን ምዕራብ ጥግ ያለው የሳንቶ አንሄል ትምህርት ቤት የነበረው ሕንፃም እንዲሁ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል፦ በ1993 ተደርምሶ እንደገና የተሠራ ነው። ልጅዎ እነዚህን ሁለቱን ሐሰት ብትል አልከራከርም። ከዚያ ተነሥታ አደባባዩን በሙሉ ሐሰት ካለች ግን ዳሩን አላየችውም ማለት ነው።

«ለቱሪስት ሸጡት» ስላሉት፣ የገንዘቡን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። አሮጌው ሐቫና ከነምሽጎቹ በ1982 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ይህንኑ አደባባይ ለማዳን ዓለም አቀፍ ጥሪ ተደረገ። እርስዎ በነበሩበት ጊዜ ማለት ነው፤ ያኔ ቤቶቹ ብዙዎቹ በእንጨት ድጋፍ የቆሙ ነበሩ። ጥሪው ብዙ አላራመደም። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የኩባ መንግሥት ካዝና ባዶ ሆነ። በ1993 በወጣው 143ኛው ድንጋጌ መሠረት በኤውሴቢዮ ሌያል የሚመራው የከተማዋ ታሪክ ጸሐፊ ቢሮ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍቶ ከሚያገኘው ገቢ ቤት እንዲያድስ ተፈቀደለት፤ ለዚሁም ሀባጉዋኔክስ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ስለዚህ ካፌው የእድሳቱ መክፈያ እንጂ ከእድሳቱ በኋላ የመጣ ጥገኛ አልነበረም። በ2016 ድርጅቱ ወደ ጦሩ የንግድ ተቋም ተዛወረ፤ ሌያልም በ2020 ዐረፈ። የቱሪስቱ ገቢ ሲቀዘቅዝ እድሳቱም አብሮ እንደሚቀዘቅዝ ማንም መገመት ይችላል። የዚህ አሠራር ደካማ ጎኑ ይኸው ነው።

የነዋሪው ጉዳይ ደግሞ አለ፣ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ትልልቆቹ ቤቶች በ20ኛው ክፍለ ዘመን በክፍል በክፍል እየተከፈሉ ብዙ ቤተሰብ የሚኖርባቸው ግቢዎች ሆነው ነበር። እድሳት ሲደረግ ሁሉም ተመልሶ አይገባም፤ ብዙዎች ወደ ምሥራቅ ሐቫና፣ አላማር ወደሚባለው የኮንዶሚኒየም ሠፈር ሄደዋል። ቢሆንም ፕላሳ ቪዬሃ ከነዋሪ ጨርሶ አልተራቆተም። አንሄላ ላንዳ የሚባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሁንም አደባባዩ ላይ ነው፤ ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ስፖርት የሚሠሩት ከቱሪስቱ ወንበር አጠገብ ነው። ሜዳው ባዶ መሆኑ የሚጠቅመው ለእነዚህ ልጆች ነው፤ ዛፍና አጥር ቢገባበት መጀመሪያ የሚባረሩት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ዛፍ ይተከል ወይ ለሚለው መልሴ አይተከል ነው። ብዙ ሰው የቅኝ ግዛት አደባባይ ሲባል ዛፍና አበባ ይታየዋል፤ ያ ግን በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን ነው። ገበያ የሚውልበት ሜዳ ክፍት መሆን ነበረበት። የዛፍ ጥላ የፈለገ ሰው በመርካዴሬስ መንገድ ወደ ሰሜን ትንሽ ቢራመድ ፕላሳ ዴ አርማስን በዛፍ ተሞልቶ ያገኘዋል፤ አራቱም አምስቱም አደባባይ አንድ ዓይነት እንዲሆን ምን ያስፈልጋል? ይህን ስል ሙቀቱን እየናቅኩ አይደለም። ሐቫና ያለችው 23ኛው ዲግሪ ላይ ነው፤ ሰኔ ላይ ቀትር ሲሆን ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፣ የትኛውም ሕንፃ ሜዳው ላይ ጥላ አይጥልም። ሕንፃዎቹ ጥላ የሚሰጡት ጠዋት በመርካዴሬስ በኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሳን ኢግናሲዮ በኩል ነው። በቀትር ያለው ጥላ በረንዳው ብቻ ነው፣ የተሠራውም ለዚሁ ነው።

ችግሩ በረንዳውን የካፌ ጠረጴዛ ሲይዘው ነው። ለመንገደኛው የቀረው ብቸኛ ጥላ ቢራ ላዘዘ ሰው ይሆናል። እኔ ብጠየቅ የምለው፦ ጠረጴዛው ከበረንዳው ይውጣና ሜዳው ላይ፣ በራሱ እግር የሚቆም የሸራ ዳስ ሥር ይሁን። ሸራው ግን በማለዳ የሚዘረጋ፣ አውሎ ነፋስ ሲነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚነሣ መሆን አለበት፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር ወቅቱ የአውሎ ነፋስ ነው። ከሕንፃዎቹ ምሰሶም ሆነ ግድግዳ ጋር በብረት አይታሰር፤ ምክንያቱን ከላይ ስለ ዝገት ተናግሬዋለሁ። ይህ የሙቀቱን ነገር ሙሉ በሙሉ አይፈታም። ድንጋዩ ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ ድረስ ይተፋል፤ ለዚያ መድኃኒት የለኝም።

ለልጅዎ ደግሞ፦ «እውነተኛ ወይስ ሐሰተኛ» የሚለውን ርዕስ ትተወው። አራቱን ጎኖች ቤት በቤት ታጥና፦ የቱ የመጀመሪያው ግንብ ነው፣ የቱ ፊቱ ብቻ ተረፈ፣ የቱ ከመሠረቱ አዲስ ነው፣ በበረንዳው ሥር ስንት እርምጃ ሳይታገድ ይኬዳል። ለንጽጽር በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ያለውንና በ1909 የተሠራውን የጎሜስ ቪላ ሕንፃ፣ በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ያለውን ኩዌቶንም አትዝለላቸው፤ ሁለቱም የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ናቸው፣ ማንም ይፍረሱ አላለም። ለምን ፓርኪንጉ ፈርሶ እነርሱ እንደቀሩ በራሷ ቃል ማስረዳት ከቻለች ጽሑፏ አለቀ ማለት ነው። የኩባ የፎቶግራፍ ማኅደር ቤቱ እዚያው አደባባዩ ላይ፣ በመርካዴሬስ በኩል ነው፤ የገበያውንና የፓርኪንጉን ዘመን ፎቶ ፍለጋ ከዚያ ትጀምር። የስፔን ዘመን ካርታዎችን ደግሞ ሴቪያ ያለው የኢንዲያስ ቤተ መዛግብት ትጠይቅ። የእርስዎም የ1976 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ፎቶ ካለ ከአልበም አውጥተው ይስጧት፤ የተነሣበትን ወርና ፊቱን ወደየት እንደነበር ከኋላው ይጻፉበት።